ክሩ ካልካታን አይነካም

ከአቴና እስከ ሜልበርን በአውሮፕላን ምን ያህል ይወስዳል ብሎ የሚጠይቀኝ ሰው ሲገጥመኝ ቶሎ አልመልስም። «በየትኛው አውሮፕላን?» ብዬ መልሼ እጠይቃለሁ። ሰዉ ቀልድ ይመስለዋል። እኔ ግን የምሬን ነው። በልጅነቴ የዚህ ጥያቄ መልስ የአንዲት ሴትን ዕጣ ሲወስን በዓይኔ አይቻለሁ፤ አይቼም አልገባኝም። ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፤ በዚያ ዕድሜ እኔ የማላውቀው ነገር ያለ አይመስለኝም ነበር።

በግሪክ፣ አንድሮስ ደሴት ላይ፣ ባሕሩን ቁልቁል በሚያይ ቤት አራት ሆነን እንኖር ነበር፤ አያቴ ካፒቴን ሌዮኒስ፣ እናቴ ማርጋሮ፣ የአባቴ ታናሽ እህት ሞስኮ፣ እና እኔ ካሊሮኢ። አባቴን ዛኒስን ገና ትንሽ ልጅ ሳለሁ ከነመርከቡ ባሕር በልቶታል። በአርባው ቀን፣ የመታሰቢያው ስንዴ ለሕዝቡ ሳይታደል፣ አያቴ ቤተ ክርስቲያኑ መካከል ቆሞ «ከእንግዲህ ከቤቴ ሴት ልጅ ለመርከበኛ አልሰጥም! ዛኒስ ይስማኝ!» ብሎ ማለ። ወንዱ ሁሉ መርከበኛ በሆነበት ደሴት እንዲህ ብሎ መማል ልጄ ቆማ ትቅር ከማለት አይተናነስም። ግን ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ካፒቴን ሌዮኒስ ደግሞ ቃሉን የሚያጥፍ ሰው አልነበረም።

ከእኛ በላይ ባለው ሰፈር ያኩሚስ የሚባል የመርከብ መካኒክ ነበር። ለዕረፍት በመጣ ቁጥር በአጥራችን ሥር እያፏጨ ያልፋል። ይኼኔ አክስቴ ሞስኮ ውሃ ትቀዳና በረንዳው ላይ ያለውን በሶብላ ታጠጣለች። ጠዋት አጠጥታው ከሆነም ደግማ ታጠጣዋለች። በሶብላ እጅግ ውሃ ወዳድ ተክል መሆኑን ለአስተማሪዬ በኩራት ነግሬያት አውቃለሁ።

በዚያ ዘመን ወደ አውስትራሊያ ሙሽራ የምትሄደው በፎቶግራፍ ነበር። እዚያ ያለው ወንድ ፎቶውን ይልካል፣ እዚህ ያለችው የእሷን ትልካለች፣ ዘመድ ከዘመድ ይነጋገራል፤ ከዚያ ልጅቷ ቬሎዋን በሻንጣ ይዛ ትሳፈራለች። ለአክስቴም የአንድ ፎቲስ የሚባል ሰው ፎቶ ከሜልበርን መጣላት። ዓሣ እየጠበሰ የሚሸጥበት ሱቁ በር ላይ፣ እጁን ኪሱ ከትቶ ቆሟል። መርከበኛ አይደለም፤ ባሕር የሚያውቀው በመጥበሻ ነው። አያቴ «እሺ» አለ። እኔም ወደድኩት፣ ከኋላው መኪና ስለነበረ። መኪናው የጎረቤቱ እንደነበረ የሰማሁት አድጌ ነው።

አክስቴ አላለቀሰችም፣ አልተጣላችም። ይልቅስ ከእኔ ጋር ጂኦግራፊ ማጥናት ጀመረች።

አያቴ ለስሜ ቀን፣ በስሟ ለተጠራሁባት ቅድስት በዓል፣ የገዛልኝ የመሬት ሉል ነበረኝ። አቴና ላይ ስፒል ተከልኩ፣ ሜልበርን ላይ ሌላ ስፒል ተከልኩ፣ በመካከላቸው የእናቴን ቀይ የስፌት ክር ወጥሬ ለካሁ። የሉሉን ዙሪያ ሲሶ ያልፋል፤ አሥራ አምስት ሺህ ኪሎ ሜትር ግድም። ክሩ በዐረብ አገር ላይ አልፎ የህንድን ጫፍ በሲሎን በኩል ቧጠጥ አድርጎ ይወርዳል። ቀጥ ብሎ የተወጠረ ክር እንዲያ ቁልቁል መታጠፉ ለቀናት እንቅልፍ ነሥቶኝ ነበር።

«ካሊዬ፣» አለችኝ አክስቴ አንድ ከሰዓት በኋላ፣ ለማርማላታ የሚላጥ የብርቱካን ክምር ፊት ለፊት ተቀምጠን፣ «አውሮፕላኑ መንገድ ላይ የት የት ነው የሚያርፈው?»

«እንደ አውሮፕላኑ ነው። ትፈሪያለሽ እንዴ?»

«እንዴታ! በጣም ነው እንጂ የምፈራው!» አለች ፈጠን ብላ።

እኔም አዘንኩላት። ያቺ ሴት ክረምት ላይ ወደቡን ከዳር እስከ ዳር የምትዋኝ፣ እባብ በእጇ ይዛ ከአጥር የምትወረውር ሴት ነበረች። አንድም ነገር ፈርታ እንደማታውቅ እያወቅሁ እንዴት እንዳመንኳት ዛሬም ይገርመኛል።

«አየሽ፣ ቶሎ ቶሎ የሚያርፍ ቢሆን ይሻለኛል» አለች። «ሁለትና ሦስት ቀን ቢፈጅም ግድ የለኝም። ካልካታ ላይ የሚያርፍ የለም?»

«ካልካታን ምን አመጣው?»

«የካልካታ ክብሪት የለሽማ።»

እውነቷን ነበር። አባቴ በሕይወት ሳለ ከየወደቡ የክብሪት ቀፎ ያመጣልኝ ነበር፤ እሱ ከሞተ በኋላም መሰብሰቡን አልተውኩም። ሳንቶስ ነበረኝ፣ ሮተርዳም ነበረኝ፣ ዮኮሃማ ነበረኝ። የካልካታ አልነበረኝም።

«ባረፍኩበት ሁሉ አንዳንድ ቀፎ እገዛና በአንድ ጥቅል እልክልሻለሁ» አለች። «ግን ቲኬት የሚቆርጡት አባባ ናቸው። እኔ ብነግራቸው ይቆጣሉ። አንቺን እንደሁ እምቢ ብለው አያውቁም።»

አሳቡ የራሴ ነው ብዬ ነበር የተነሣሁት። ልጅን በክብሪት ቀፎ መግዛት እንዴት ቀላል ነው!

በዚያው ሰሞን እናቴና አክስቴ ልብስ ሲያሰጡ የሰማሁት ነገር ነበር።

«አሁንም እዚያው ናቸው?» አለች እናቴ፣ አፏ ውስጥ መቆንጠጫ ይዛ።

«እስከ ፋሲካ ንቅንቅ አይሉም።»

«እርግጠኛ ነሽ?»

«እህቱ ናት የነገረችኝ።»

እንቁላል ስለታቀፉት ዶሮዎቻችን የሚያወሩ መሰለኝ። «ኧረ ከፋሲካ በፊት ይፈለፍላሉ!» ብዬ ከአንሶላው ጀርባ ጮኽኩ። ሁለቱም ደርቀው ቀሩ፤ ከዚያ እናቴ መሬት ላይ ቁጭ ብላ እስክታነባ ሳቀች። ባሏ ከሞተ ወዲህ እንደዚያ ስትስቅ አይቻት አላውቅም ነበር።

ዛሬ ሁሉንም አውቃለሁ። የያኩሚስ መርከብ ሞተሩ ተሰብሮ ካልካታ ወንዝ ላይ ቆሞ ነበር፤ መለዋወጫው ከአውሮፓ እስኪደርስ ድረስ ሠራተኞቹ ከዚያ አይነቃነቁም። አክስቴ ሜልበርን የመድረስ አሳብ አልነበራትም። ካልካታ ላይ ልትወርድ ነበር የተዘጋጀችው። ፋሲካ ካለፈ ወይም አውሮፕላኑ ሌላ ቦታ ካረፈ ግን ነገሩ ሁሉ ያበቃል፤ ዕድሜዋን ሙሉ ከዚያ መጥበሻ ጀርባ ትቆማለች። እናቴ ታውቃለች። አያቴ ከሰማ ግን የመሐላው ቀን ራሱ ይደገማል ብለው ሁለቱም ይፈሩ ነበር።

ቲኬት የሚሸጠው ወደቡ ላይ ያለው ፓንዴሊስ ነበር። ሱቁ ውስጥ ገመድም፣ ቀለምም፣ ኬሮሲንም፣ የመላው ዓለም ቲኬትም ይገኛል። ፎቲስ «የቲኬቱን እኔ ልላክ» ሲል አያቴ «ልጄ ከቤቴ የምትወጣው በአባቷ ቲኬት ነው» ብሎ እምቢ ብሎት ስለነበር፣ ቅዳሜ ጠዋት እጄን ይዞ ወረደ። ሱቁ ውስጥ ሦስት አራት ሽማግሌዎች ወንበር ይዘው ነበር፤ ቅዳሜ ቅዳሜ እዚያ የሚቀመጡት ለመግዛት ሳይሆን ለመስማት ነው።

«ሁለት ዓይነት አለ» አለ ፓንዴሊስ፣ ለሁላቸውም እንዲሰማ። «አንዱ ጄት ነው። ዛሬ ተሳፍራ ነገ ማታ ሜልበርን ናት። ሁለተኛው ባለ ውልብልቢቱ ነው፤ ቤይሩት ይላል፣ ካራቺ ይላል፣ ካልካታ ላይ መንገደኛውን ሆቴል አሳድሮ በማግስቱ ሲንጋፖር ይላል። ሦስት ቀን ይፈጃል። እንደ ድሮ በቅሎ ነው።»

«አያቴ፣ በቅሎውን!» አልኩ እጁን እየጎተትኩ።

«ምን ሆነሻል አንቺ?»

«አክስቴ ትፈራለች! እያረፈች ብትሄድ ይሻላታል። ደግሞ የክብሪት ቀፎ ልታመጣልኝ ነው፣ ከየቦታው። ጄቱ ካልካታን ሳያይ ያልፋል። አያቴ፣ በአባቴ ሞት!»

ይህን ማለት እንደማይገባኝ አውቅ ነበር።

ፓንዴሊስ ግራ ተጋብቶ አያቴን አየው። «ካፒቴን፣ እኔ እንኳ ትናንት የተነጋገርነውን…»

አያቴ ሳለ። ማዕበል ውስጥ ከመርከብ መርከብ የሚሰማ ሳል ነበረው። «ትናንት የተነጋገርነው ስለ ኬሮሲን ነው» አለ።

«እ… አዎ። ስለ ኬሮሲን ነው።»

«እንግዲህ ልጅቷ እንዲህ ካለች ምን ይደረጋል!» አለ አያቴ ወደ ሽማግሌዎቹ ዞሮ። «የሙት ልጅ ናት፤ ፊቷን ማየት አልችልም። ስጠኝ በቅሎውን።»

አቀበቱን ስንወጣ እግሬ መሬት አይነካም ነበር። ካፒቴን ሌዮኒስን አሳብ ያስቀየረ ሰው በደሴቲቱ ላይ ከእኔ በቀር የለም። አንድ ነገር ብቻ ትንሽ ከነከነኝ፤ ቤታችን ከገና ጀምሮ ኤሌክትሪክ ገብቶለት ነበርና ኬሮሲኑ ለምን እንደሚያስፈልገን አልገባኝም።

ማታ ሉሉን ምግብ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ ማረፊያዎቹን ሁሉ በስፒል ወጋሁና ክሩን እንደገና ዘረጋሁት። ትልቁ ጥያቄ የመጣው ያን ጊዜ ነው።

«አያቴ፣ ክሩ ካልካታን አይነካም!»

«እንዴት?»

«አጭሩ መንገድ በሲሎን በኩል ነው። ካልካታ እኮ ወደ ላይ ናት፣ ከመንገድ ውጭ! እይ፣ አሁን ክሩ አልበቃኝም፣ መቀጠል አለብኝ። አውሮፕላኑ ለምንድን ነው ያለ ነገሩ ወደዚያ የሚታጠፈው?»

አክስቴ መስኮቱ ሥር የካፖርቷን ቁልፍ እየሰፋች ነበር። መርፌዋ ቆመ።

አያቴ ወደ እሷ አላየም። ያጨሰውን ሲጋራ ቀስ አድርጎ አጠፋ። «አውሮፕላንም እንደ አህያ ነው» አለኝ። «አንድ ጊዜ ገብስ የቀመሰበትን በር አይረሳም።» ከዚያ እንደ ዘበት፣ «ካልካታን አውቃታለሁ» አለ። «በጎረምሳነቴ ሻማ አብርቼባታለሁ። ከትራሙ ሐዲድ አጠገብ የእኛው ቤተ ክርስቲያን አለ፤ ፊቱ ላይ ትልልቅ ዓምድ ያለው። ለማንም ባለ ጋሪ የግሪኮች ቤተ ክርስቲያን ብትዪው አይስተውም። ቄሱንም በማለዳ ነው ማግኘት፤ ፀሐይ ከወጣ በኋላ ከቤቱ አይወጣም።»

«እኔ ካልካታ አልሄድም እኮ» አልኩት።

«ማን ያውቃል? ጂኦግራፊ የወደደ ሰው የት እንደሚደርስ አይታወቅም።»

አክስቴ ጣቷን ወግታ ነበርና መምጠጥ ጀመረች። እናቴ ድስቱን ሁለት ጊዜ አማሰለች፣ እሳቱ ጠፍቶ ሳለ። እኔ ደግሞ ክር ለመቀጠል ቋጠሮ እያሰርኩ ነበር።

ከፋሲካ በፊት ባለው ሳምንት ሸኘናት። አያቴ ጀልባው ላይ እጁን አስሳማትና «በይ፣ ካፖርትሽን ካልካታ ላይ አውልቂው፤ ይሞቃል» አላት። ሌላ ምንም አላለም። ምን ዓይነት መሰነባበቻ ነው ብዬ ተናደድኩበት። እሷም የጀልባውን ጭስ እያየች ከንፈሯን ትነክስ ነበር፣ ጀልባው እስኪርቅ።

በስሌቴ መሠረት በሦስተኛው ቀን ማታ ሜልበርን መድረስ ነበረባት። በአምስተኛው ቀን ፓንዴሊስ ቴሌግራም ይዞ እያለከለከ አቀበቱን ወጣ። ከፎቲስ ነበር፤ ሙሽራዋ አልወረደችም ይላል። አበባ ይዞ፣ ዘመዶቹን ሰብስቦ፣ መንገደኛው ሁሉ እስኪያልቅ በር ላይ ቆሞ ነበር። በኋላ ደህና ሴት አግብቶ ልጆች እንደወለደ ሰምቻለሁ፤ ቢሆንም ያቺ አበባ ከዓይኔ አትጠፋም።

እናቴ ወንበር ላይ ወደቀች። አወዳደቋ ትንሽ የተዘጋጀ እንደነበር አሁን ይታየኛል። የእኔ ልቅሶ ግን የእውነት ነበር። አውሮፕላኑ ባሕር ውስጥ ወድቋል፣ ባሕር አባቴን እንደበላው አክስቴንም በልቷታል፣ ያንን አሮጌ በቅሎ ያስመረጥኩትም እኔው ነኝ ብዬ አልጋ ሥር ገብቼ እምቢ አልወጣም አልኩ።

አያቴ ሉሉን ታቅፎ መጣና ወለሉ ላይ ተቀመጠ። ጉልበቱ ሲንቋቋ ይሰማኛል።

«ውጪ፣ ሥራ አለን» አለኝ። «አውሮፕላን አልወደቀም። ቢወድቅ ሬዲዮው ዝም አይልም ነበር።»

«ታዲያ የት አለች?»

«ንፋስ ይዟት ይሆናል።»

«ንፋስ አውሮፕላንን ሁለት ቀን አያቆመውም!»

«አንቺ ምን ታውቂያለሽ? እኔን ኬፕ ሆርን ላይ ሁለት ሳምንት አቁሞኛል።»

«ያ እኮ መርከብ ነው!»

ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ። እያለቀሰ መሰለኝና አቀፍኩት። እየሳቀ ነበር። ከዚያ መስኮቱ ክፍት መሆኑን አየና ብድግ ብሎ ጠረጴዛውን በቡጢ ሲመታው ሳህኖቹ ዘለሉ። «ልጅ የለኝም!» ብሎ ጮኸ። «ስሜን አጠፋችው! ሞስኮ የምትባል ልጅ የለኝም!» ከታች ያሉት ጎረቤቶች መስኮታቸውን ሲከፍቱ ተሰማ። መስኮቱን ዘጋና ወደ እኔ ተመለሰ፤ ድምፁም ተመለሰ። «በይ ንገሪኝ፣ ከካልካታ እስከ እኛ ድረስ ጥቅል በመርከብ ስንት ጊዜ ይፈጃል?»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ቡና ቤት መሄድ ተወ። ሰዎች በበሩ ሲያልፉ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ፤ ካፒቴን ሌዮኒስ በልጁ ተዋረደ ይባላል። ማታ ማታ ግን ከእኔ ጋር ሉሉ ላይ አቀርቅሮ ያንኑ ጥያቄ ይደጋግማል፤ ኮሎምቦ ላይ ስንት ቀን ይቆማል፣ ስዊዝ ላይ ወረፋው እንዴት ነው፣ የአቴና ወደብ ፒሬየስ ደርሶ ወደ እኛ በየትኛው ጀልባ ይመጣል። ስለ መርከብ ከእኔ በላይ የሚያውቅ ሰው ለምን እኔን እንደሚጠይቅ ያስገርመኝ ነበር። ስሌቴን አድንቆ ነው ብዬ ደመደምኩ። ይኸው ሽማግሌ ልጁ ካልካታ ላይ ወርዳ ሰውዋን ታግኘው፣ ወይስ የሰው አገር መንገድ ላይ ትቅር፣ አንድም ወሬ አልነበረውም። ሆድ ይፍጀው ብሎ ተቀምጦ ነበር።

ሞስኮና ያኩሚስ ከዓመታት በኋላ ፒሬየስ መጥተው መኖር ጀመሩ። አያቴ መሐላውን ጠብቆ አንድም ቀን ያኩሚስን በቤቱ ደጃፍ አላስገባም። ግን በዓመት ሁለት ጊዜ ጥርሱን ሊታከም ፒሬየስ ይሄድና እነሱ ዘንድ ሳምንት ይሰነብታል። አፉ ውስጥ የቀሩት ጥርሶች ለዚያ ሁሉ ሕክምና የሚበቁ አልነበሩም።

አያቴ ከሞተ በኋላ ለአክስቴ የፓንዴሊስን ነገር፣ የኬሮሲኑን ነገር ነገርኳት። ጭንቅላቷን ይዛ ተቀመጠች። «የቤተ ክርስቲያኑንስ ወሬ ያኔውኑ ሰምቼ እግዜር ነው በአፉ ያናገረው ብዬ ነበር» አለችኝ። «ስንት ዓመት ሙሉ አባቴን አታለልኩት እያልኩ ስናዘዝ ኖርኩ! ታዲያ የተታለልኩት እኔ ነኛ!» ከዚያ ስቃም አልቅሳም አልጠገበችም።

ጥቅሉ የመጣው ግን አክስቴ በሄደችበት ዓመት፣ ወይኑ ሊለቀም ሲል ነው። በእኔ ስም ነበር። ከፍቼ ቀፎዎቹን ጠረጴዛው ላይ በተርታ ደረደርኩ፤ አንድ የቤይሩት፣ አንድ የካራቺ፣ ከዚያ የካልካታ፣ የካልካታ፣ የካልካታ። ዝሆን ያለበት፣ ነብር ያለበት፣ የእጅ ሥዕል ያለበት። ሲንጋፖር የለም። ሜልበርን የለም።

«አያቴ! አክስቴ በሕይወት አለች! ግን ቀፎዎቹ ካልካታ ላይ ያበቃሉ።»

አያቴ ከወንበሩ ተነሣ። አንድ በአንድ በጣቱ እየነካ አለፋቸው። ዝሆን ያለበትን ቀፎ አነሣ፤ ውስጡ ክብሪቶች ነበሩ። ወደ ግድግዳው ሄደና የአባቴ ፎቶ ሥር ያለውን ቀንዲል በካልካታ ክብሪት አበራው።

«ዛኒስ፣» አለ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «እኔ ለመርከበኛ አልሰጠኋትም። ቲኬት ብቻ ነው የገዛሁት።»

ቲኬት መግዛቱንማ አውቃለሁ፣ አብሬው ነበርኩ። ለሙት ሰው ይህን መንገር ለምን እንዳስፈለገው ልጠይቀው አፌን ስከፍት ዓይኑን በእጅጌው ጠረገ። ከዚያ ወደ ሉሉ መጥቶ ሜልበርን ላይ የተከልኩትን ስፒል ነቀለና መዳፌ ላይ አስቀመጠው። ክሩን ካልካታ ላይ ሁለት ጊዜ ጠመጠመ፣ አጥብቆ አሰረ፣ የቀረውን በጥርሱ ቆረጠው።

«የተረፈውን ክር» አለኝ፣ «ለእናትሽ መልሺላት።»